ሀውራማን ታኽት መንደር ናት ወይስ ከተማ? ስንት ሰውስ ይኖርባታል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ስቶክሆልም ነው። አብሮኝ የሚሠራ ኩርድ ጓደኛ አለኝ፤ አያቶቹ ኢራን ውስጥ ሀውራማን ታኽት ከምትባል የገጠር መንደር እንደሆኑ ሁሌ ያወራኛል። ለማኅበራችን መጽሔት በአማርኛ አጭር ጽሑፍ ላዘጋጅ ብዬ የት እንደምትገኝና ስንት ሰው እንደሚኖርባት ብቻ ለማጣራት ተቀመጥኩ፤ ይኸው ሳምንት አለፈኝ። አንዱ መንደር ይላታል፣ ሌላው ከተማ። ስሟ የማይጻፍበት መንገድ የለም። የሕዝቧ ቁጥር አንዱ ጋ ያለው ከሌላው ጋ አይገጥምም። ካርታ ላይ ሳስገባት ደግሞ ጭራሽ ኢራቅ ድንበር ላይ ወደቀችብኝ። የቱን ልመን?»

መልስ፦

ሥራዬ ካርታ ስለሆነ ከመጨረሻው ልነሳ፤ እሷን ስሕተት ከሩቅ አውቃታለሁ። ሀውራማን ታኽት በ35 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ሰሜንና በ46 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ትገኛለች። እርስዎ ምን እንዳደረጉ ልገምት? 35.15 እና 46.15 ብለው አስገቡ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲባል 1.15 ሰዓት ሳይሆን 1.25 ሰዓት እንደሆነ ሁሉ፣ 15 ደቂቃም ሩብ ዲግሪ ናት። መጻፍ የነበረበት 35.25 እና 46.25 ነበር። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፤ መሬት ላይ ሲወርድ ግን ወደ ደቡብ 11 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አገሩ ሜዳ ቢሆን «ያው እዚያው ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በዛግሮስ ተራሮች ግን ያን ያህል መሳሳት ገደልና ሸንተረር አሻግሮ በኢራኗ ኖውሱድና በኢራቋ ተዌላ አካባቢ ያሳርፋል። መንደሯ አልጠፋችም፤ ነጥቧ ናት የዘለለችው።

ለአንባቢ ግን ዲግሪ ብዙም አይነግረውም። ከማሪቫን ከተማ በስተደቡብ በወፍ በረር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች ቢሉ ይሻላል፤ መንገዱ በተራራው እየተጠማዘዘ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል። ከታች የሲርዋን ወንዝ ይፈስሳል። ይኸው ወንዝ ኢራቅ ሲገባ ዲያላ ይባላልና ከባግዳድ በታች ከጤግሮስ ይቀላቀላል። መንደሯ ራሷ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ተደርድራ የቆመች ናት። ቤቶቹ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠሩ ናቸው፤ የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ቤት ግቢ ይሆናል። ልጆች የሚጫወቱትና እህል የሚሰጣው በጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው። ማሳውም እንደዚያው በድንጋይ እርከን የተያዘ ነው፤ ኮንሶን ያየ ሰው ፎቶውን ሲያይ አገር ቤት ይመስለዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 (ሌላ ካላልኩ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ናቸው) «የሀውራማን ባህላዊ መልክዓ ምድር» ብሎ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 12 መንደሮችን አካትቷል፤ ስፋቱም ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ነው።

አሁን ወደ አስተዳደር አድራሻው። የኢራንን እርከን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ካውንቲ»፣ «ዲስትሪክት»፣ «ሩራል ዲስትሪክት» እያለ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ይገለብጠዋል። ምን አስቸገረን? በንጉሡ ዘመን የነበሩን ጠቅላይ ግዛት (በኋላ ክፍለ ሀገር የተባለው)፣ አውራጃ፣ ወረዳና ምክትል ወረዳ ከኢራኑ ኦስታን፣ ሻህረስታን፣ ባኽሽና ዴህስታን ጋር ደረጃ በደረጃ ይገጥማሉ። ስለዚህ አድራሻዋ እንዲህ ይጻፋል፦ ኢራን፣ ኩርዲስታን ክፍለ ሀገር፣ ሳርቫባድ አውራጃ፣ ኡራማን ወረዳ። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሳናንዳጅ ነው። ያገኙት የቆየ ሰነድ «ማሪቫን አውራጃ» ካለ አይሰርዙት፤ ሳርቫባድ ራሱን ችሎ አውራጃ ከመሆኑ በፊት በማሪቫን ሥር ነበርና ሰነዱ በጊዜው ልክ ነው። በነገራችን ላይ «ኩርዲስታን» የክፍለ ሀገር ስም ነው እንጂ የኩርዶች አገር ወሰን አይደለም። በኢራን ብቻ ኩርዶች በከርማንሻህ፣ በምዕራብ አዘርባይጃንና በኢላም ይኖራሉ። እንዲያውም በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ በኾራሳን ከ400 ዓመት በፊት የሳፋቪድ ነገሥታት ወሰን እንዲጠብቁ ያሰፈሯቸው ኩርዶች ዘሮች አሉ። ሌላ ጊዜ «የኩርድ መንደር፣ ኾራሳን» የሚል ቢያነቡ ስሕተት እንዳይመስልዎ።

መንደርን በእርከን አድራሻ መጻፍ ለዚያ አገር የትናንት ነገር አይደለም። በ1909 በሀውራማን አንድ ዋሻ ውስጥ በማሰሮ የታሸጉ ሦስት የብራና ሰነዶች ተገኙ። ሁለቱ በግሪክኛ፣ አንዱ ፓርትኛ በሚባል ጥንታዊ የኢራን ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ነገሥታት የተጻጻፉት ደብዳቤ መስሎዎት ይሆናል፤ የወይን እርሻ ሽያጭ ውል ነው፣ ምስክሮቹ በስም ተዘርዝረው። የመጀመሪያው ውል ቦታውን ሲገልጽ በባይሴይራ ግዛት፣ በባይታባርታ ማረፊያ ጣቢያ አጠገብ፣ በኮፓኒስ መንደር ይላል። ግዛት፣ ጣቢያ፣ መንደር! ከ2,000 ዓመት በፊት የነበረ አንድ ወይን ሻጭ እኛ ዛሬ የምንጨቃጨቅበትን ነገር በአንድ መስመር ጨርሶታል። የውሉ ዓመተ ምሕረት ደግሞ 225 ነው የሚለው። በማን አቆጣጠር? ከታላቁ እስክንድር በኋላ አካባቢውን በገዙት በሴሌውቂያውያን፤ ወደ አውሮፓውያኑ ሲመለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 88 ወይም 87 ይሆናል። ይህቺን ነገር ይያዙልኝ፣ የሕዝብ ቁጥሩ ላይ ስንደርስ ትመለሳለች።

ስሙን በተመለከተ፦ ሀውራማን፣ ሀወራማን፣ ኦራማን፣ ኡራማን፣ አቭሮማን፤ ሁሉም አንድ ናቸው። «ኡራማን» የፋርስኛው አጻጻፍ ነው፣ «ሀውራማን» የኩርድኛው፣ «አቭሮማን» ደግሞ በድሮ አውሮፓውያን ጽሑፎች የቀረ ነው። «ታኽት» ዙፋን ማለት ነው። እኔ በአማርኛ ስጽፍ ነዋሪው የሚጠራበትን ስም አስቀድሜ የመንግሥቱን ስም አስከትላለሁ፤ አንባቢ ሰነድ ለመፈለግ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ቋንቋቸው ሀውራሚ ይባላል፤ ሶራኒ የሚባለውን ኩርድኛ የሚናገር፣ ኢራቅ ውስጥ ያለ የሱለይማኒያ ኩርድ እንኳን እንደልቡ አይሰማውም።

ስለዚህ መንደር ናት ወይስ ከተማ? ሁለቱም፣ እንደ ዘመኑ። ኢራን ውስጥ ከተማን ከተማ የሚያሰኘው የቤቱ ብዛት ወይም የሕንፃው ቁመት ሳይሆን ማዘጋጃ ቤት መኖሩ ነው። ማዘጋጃ ቤት ካለ ከተማ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከሌለ ምንም ያህል ሰው ቢኖርበት ገጠር ነው። ሀውራማን ታኽት በ2006ቱ ቆጠራ ከመንደር ተቆጠረች፤ በ2016ቱ ደግሞ ከከተማ። በመካከሉ ዳገቱም ድንጋዩም አልተለወጠም፤ የተለወጠው መዝገቡ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ነዋሪው ድሮም «ሻር» ነው የሚላት፤ በሀውራሚ ከተማ ማለት ነው። ለእነሱ ከተማ ስትሆን ለመንግሥት መንደር ነበረች፣ መንግሥት ከተማ ሲላት ደግሞ ለቱሪስቱ «ጥንታዊቷ መንደር» ሆነች። ጓደኛዎ «መንደር» ቢልም ትክክል ነው፤ አያቶቹ ሲወጡ መንደር ነበረች።

ወደ ሕዝብ ቁጥሩ እንምጣ፤ ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

ኢራን ዘመናዊ ቆጠራ የጀመረችው በ1956 ነው። ከዚያ በየአሥር ዓመቱ ቀጠለች፤ ከ2006 በኋላ ወደ አምስት ዓመት አሳጥራ በ2011 እና በ2016 ቆጠረች። ሰነዶቹ ላይ ግን እነዚህን ዓመታት አያገኟቸውም፤ 1385፣ 1390፣ 1395 ነው የሚለው። የእነሱ የፀሐይ ሂጅራ አቆጣጠር ነው። እኛ ሁለት ዓመተ ምሕረት ይዘን የምንኖር ሰዎች በዚህ መሳሳት አልነበረብንም፤ ሆኖም «1385 ዓ.ም.» ብሎ በአማርኛ ጽፎ አንባቢውን ዐፄ ዳዊት ዘመን የሚያስገባ ጽሑፍ አይቼ አውቃለሁ። የወይን እርሻውን 225 ያስታውሱ፦ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ያልተጻፈበት ዓመት ዓመት አይደለም። አንዲት መገጣጠም ልንገርዎ፤ የኢራኑ የ2006 ቆጠራ የተካሄደው በመጸው፣ በእኛ ጥቅምትና ኅዳር 1999 ነበር፤ የኛም የመጨረሻው ቆጠራ የተጀመረው በዚያው በ1999 ዓ.ም.፣ በግንቦት ነው። እነሱ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ የኛን ያውቁታል።

ሦስት ቦታ ያዩት የተለያየ ቁጥር ምናልባት የሦስት ቆጠራ ቁጥር ነው። ዓመቱን ሳይጠቅስ «የሕዝቧ ብዛት ይህን ያህል ነው» የሚል ጽሑፍ ካጋጠመዎ ይዝለሉት። ግምትዎን ለማቆም ያህል፣ ሀውራማን ታኽት ሦስት ሺህ አካባቢ ሰው የሚኖርባት ቦታ ናት። አርባ አምስት ወይም ሃምሳ ሺህ የሚል ካዩ አውራጃውን ቆጥሯል፤ ሦስት መቶ የሚል ካዩ ሌላ መንደር ነው። አካባቢውን በሙሉ ስናይ፣ ኩርዲስታን ክፍለ ሀገር ከ2006 እስከ 2016 ከ1.44 ሚሊዮን ወደ 1.6 ሚሊዮን ሲያድግ ሳርቫባድ አውራጃ ግን ከ50 ሺህ በላይ ከነበረበት ወደ 45 ሺህ ዝቅ ብሏል። ተራራው ወደ ሳናንዳጅና ወደ ማሪቫን፣ ከዚያም አልፎ ወደ እናንተ ስቶክሆልም እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ለመጽሔትዎ ከአንዲት መንደር ቁጥር ይልቅ ይህቺ ብትጻፍ እኔ እመርጣለሁ።

በእንግሊዝኛ የተጻፉት አጫጭር ጽሑፎች «ይህን ያህል ሕዝብ፣ በይህን ያህል ፋሚሊ» ይላሉ፤ «ቤተሰብ» ብለው አይተርጉሙት። ዋናው ቃል ኻኔቫር ነው፤ አባወራና እማወራ ብለን የምንቆጥረው፣ አብሮ የሚበላ የአንድ ቤት ሰው ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር ደግሞ ጥሩ መፈተሻ ይገኛል። ሕዝቡን ለአባወራው ያካፍሉት። በ2006 በአገሪቱ አማካዩ በአንድ ቤት 4 ሰው ነበር፣ ገጠሩ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በ2016 ወደ 3.3 ወርዷል። ለአንድ የኩርድ መንደር በ2016 በቤት 9 ሰው ከወጣልዎ አንዱ አኀዝ ሲገለበጥ ተበላሽቷል።

ሌላው ወጥመድ «አባዲ» የሚለው ቃል ነው። የኢራን የስታትስቲክስ ማዕከል የገጠር ዝርዝሩን የሚያወጣው በአባዲ ነው፤ አባዲ ግን የግድ መንደር አይደለም። እርሻ ሊሆን ይችላል፣ የውኃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል፣ ማዕድን ቁፋሮ ሊሆን ይችላል፤ ስምና ቦታ ካለው ይመዘገባል። ይህን ሳያውቁ ዝርዝሩን እንዳለ እየገለበጡ በሺህ የሚቆጠር «መንደር» የፈጠሩ አሉ። እኔም አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ከዝርዝር ላይ ነጥብ እየለቀምኩ ካርታ ስሞላ አንዷ ላይ የሳተላይት ምስል ብዘረጋ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን፣ ከጎኗ የውኃ ገንዳና አንድ ረድፍ ዛፍ ብቻ! ደጋግሜ አጎላሁት፤ መንገድ የለ፣ ቤት የለ። የፓምፕ ቤት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ሳልቆጥር መንደር አልልም። ሕዝቡ ባዶ ሆኖ ያዩት ቦታ ደግሞ የግድ ሰው የለበትም ማለት አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቤት ብቻ ያለበት ከሆነ የሰው ገመና እንዳይወጣ ቁጥሩ አይታተምም።

ሀውራማን ላይ ደግሞ ወቅት አለ። ከብት አርቢው በእነሱ በጋ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ፍየልና በጉን ይዞ ወደ ላይ፣ ሀዋር ወደሚሉት የተራራ ሰፈር ይወጣል፤ ብርዱ ሲጀምር ይወርዳል። ሐምሌ ላይ የሄደ ጎብኚ ግማሽ ቤት ተዘግቶ ሲያይ መንደሩ እየሞተ ይመስለዋል። ክረምታቸው አጋማሽ ላይ፣ በእኛ ጥር መጨረሻ ግድም ፒር ሻልያር ለሚባለው የአካባቢው የጥንት ቅዱስ ሰው በዓል የሄደ ደግሞ ጣሪያው ሁሉ በሰው ተሞልቶ ያገኘዋል፦ ዳፍ የሚባለው ሰፊ ከበሮ እየተመታ፣ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተወዛወዙ፣ የታረደው ሥጋ ከእህል ጋር በትልልቅ ድስት እየተንተከተከ። ከበዓሉ በፊት ከፒሩ ዛፍ የተለቀመ ዋልነት ለየቤቱ ይታደላል፤ መጥሪያ መሆኑ ነው። እኔ እሱን ሳነብ የታየኝ ቆጠራ ነበር። የትኛው ቤት ሰው እንዳለበት፣ የትኛው እንደተዘጋ ከዋልነቱ አዳይ ልጅ በላይ ማን ያውቃል? የመንግሥት ቆጣሪ የሚመጣው መጸው ላይ፣ ሰዉ ከሀዋር ከወረደ በኋላ ነውና ቁጥሩ ከእንግዳው ይልቅ ለዋልነቱ ይቀርባል።

አንድ ነገር ልጨምር። የኢራን ቆጠራ ብሔር አይጠይቅም። ስለዚህ «የኩርድ መንደር፣ በቆጠራው መሠረት» ብለው አይጻፉ። ቁጥሩ ከቆጠራው ነው፣ ኩርድ መሆናቸው ከራሳቸው።

ይህን ሁሉ ያልኩት መንደሯ ኢራን ውስጥ ስለሆነች ነው። ሸንተረሩን ተሻግረው ኢራቅ ቢገቡ ጨዋታው ይለወጣል። ከሀውራማን ታኽት እስከ ሀለብጃ በወፍ በረር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1988 በኬሚካል ጋዝ 5,000 ያህል ሰው ያለቀባት ሀለብጃ። እዚያ ወገን የመንደር ሕዝብ ቁጥር ተራ መረጃ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1987 የሳዳም መንግሥት ቆጠራ ሲያካሂድ «የተከለከለ ቀጠና» ውስጥ ያሉ መንደሮችን ሳይቆጥር ተወ፤ ነዋሪው ወይ ቤቱን ጥሎ መንግሥት ወደሚቆጣጠረው ሰፈራ መግባት፣ ወይ ሳይቆጠር ዜግነቱን ማጣት ነበረበት። በተከታዩ ዓመት የሳዳም ጦር ኩርዶችን የፈጀበት የአንፋል ዘመቻ በእነዚያ ባልተቆጠሩት ላይ ወረደ። በእነዚያ አሠርት ዓመታት ወደ 4,000 የሚጠጉ የኩርድ መንደሮች ፈርሰዋል። የ1997ቱ ቆጠራ ሦስቱን የኩርድ ክፍለ ሀገራት አላካተተም፤ መላ አገሪቱ እንደገና በአንድ ላይ የተቆጠረችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ነው። ስለዚህ የኢራቅ ኩርድ መንደርን ቁጥር ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፈርሳ ነበር ወይ? መቼ ተመልሳ ተሠራች?» ነው።

ቱርክ ቁጥሩ አያስቸግርም፤ ከ2007 ጀምሮ በአድራሻ ምዝገባ በየዓመቱ ይወጣል። የሚያስቸግረው ስሙ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ መንደሮች ስማቸው በቱርክኛ ተቀይሯል። በ2011 በአየር ድብደባ 34 ሰዎች የሞቱባትን ሮቦስኪን በመንግሥት መዝገብ ቢፈልጉ «ኦርታሱ» ተብላ ነው የምትገኘው። በ2012 በወጣ ሕግ ደግሞ በዲያርባኪር፣ በማርዲንና በቫን ያሉ መንደሮች በሙሉ በወረቀት የከተማ ሰፈር ሆነዋል፤ በጎች የሚሰማሩበት «የከተማ ቀበሌ» ማለት ነው። ሶርያን ካነሱ 1962ን ብቻ ያስታውሱ፦ በሀሰካ በአንድ ቀን ቆጠራ ወደ 120 ሺህ ኩርዶች ዜግነታቸውን ያጡበት ዓመት።

ለመጽሔትዎ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ሀውራማን ታኽት (በፋርስኛ ኡራማን ታኽት) በምዕራብ ኢራን፣ በኩርዲስታን ክፍለ ሀገር፣ በሳርቫባድ አውራጃ የምትገኝ የተራራ ላይ መኖሪያ ናት። እስከ 2006ቱ ቆጠራ በመንደርነት፣ በ2016ቱ በከተማነት ተመዝግባለች።» ቀጥሎ የመረጡትን ቁጥር ከዓመቱና ከአባወራው ብዛት ጋር ያስገቡ፤ ሦስቱ ካልተሟሉ ቁጥሩን ይተዉት፣ ጽሑፉ አይጎድልበትም።

ጓደኛዎን ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። የአያቶቹ ቤት ጣሪያ የማን ግቢ ነበር?